አኑራዳፑራና ፖሎናሩዋ በጣና ዳር አስጎብኚ ዓይን

ክረምት ሲገባ በባሕር ዳር የጀልባ ሥራ ይቀዘቅዛል። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ማዕበል ይነሣል፣ የዘጌ መውጫ ይጨቀያል፣ እንግዳም ዝናቡን ፈርቶ ይቀራል። ሰዎችን ወደ ገዳማቱ እያደረስሁ ታሪካቸውን በመተረክ የምተዳደር ሰው ስለሆንሁ፣ ሥራ የሚፈታበትን ይህን ወቅት አብዛኛውን ጊዜ የማሳልፈው ጀልባ በማሳደስና መጻሕፍት በማገላበጥ ነበር። በአንደኛው ነሐሴ ግን ለልብስ ስፌት ሥልጠና ኮሎምቦ ተልካ የነበረችው ታላቅ እህቴ «እኔ ሳልመለስ ቶሎ ና፤ የማደሪያውን ነገር ለእኔ ተወው» ስላለችኝ፣ ያጠራቀምኋትን ጥሪት ይዤ ወደ ስሪላንካ ተሻገርሁ። በደሴቲቱ ሰሜናዊና ማዕከላዊ ክፍል በሚገኙት ሁለት ጥንታዊ የቡድሃ እምነት ከተሞች፣ በአኑራዳፑራና በፖሎናሩዋ፣ ስድስት ቀን ቆየሁ። እዚህ የምገመግመው ያን ጉብኝት ነው። ድንጋዩን የሚመዝኑ ሊቃውንት አሉለት፤ እኔ የምመዝነው ቲኬቱን፣ አስጎብኚውን፣ የጽሑፍ ሰሌዳውንና የጎብኚ አያያዙን ነው፣ በዚህ እኔም እንጀራ እበላበታለሁና። ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ፍርስራሾቹ በግዝፈታቸውም በአያያዛቸውም ከጠበቅሁት በላይ ናቸው፤ የመግቢያው ዋጋ ቢከብድም አያስቆጭም። ሆኖም አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎ አገኘሁት። እኔን ያስጎበኙኝ ሰዎችና ያነበብኋቸው ሰሌዳዎች ስለ ቤተ መቅደሶቹ ብዙ ሲናገሩ፣ ቤተ መቅደሶቹን ያቆማቸውን ውኃ ግን አልፈውት ይሄዳሉ። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ጉድለት ከሩቅ ይታየዋል።

ከኮሎምቦ ወደ አኑራዳፑራ የሄድሁት በባቡር ነው። መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ የሩዝ ማሳውንም የኮኮናት ዛፉንም እያዩ ይጓዛሉ። ከጣቢያው ስወጣ በመጀመሪያ የተቀበለኝ ባጃጅ ነው፤ ቀለሙ ይለይ እንጂ ቁርጥ የባሕር ዳሩ ባጃጅ ነው፣ ሾፌሩም እንደ እኛዎቹ ዋጋ ሲጠራ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመለከታል። የውጭ አገር ሰው የሚከፍለው በዶላር ነው፤ እኔ በሄድሁበት ጊዜ ለአንዱ ከተማ 30 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለሌላው ከተማ ደግሞ እንደገና ይከፈላል። ዋጋው ሳይሆን ቲኬቱ ለአንድ ቀን ብቻ መሆኑ ነው ቅር ያሰኘኝ። አኑራዳፑራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከአራተኛው መቶ ዓመት አንሥቶ፣ ከደቡብ ሕንድ የተነሡት ቾላዎች በ993 ወርረው እስካፈረሷት ድረስ፣ ከ1,300 ዓመት በላይ የሲንሃላ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ጎንደር በመናገሻነት የቆየችው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ነው፤ እርሷን እንኳ በአንድ ቀን አየሁ የሚል ሰው አላምንም። እኛም ጋ እያንዳንዱ ገዳም ለየብቻው ያስከፍላል፣ ለቪዲዮ መቅረጫም ሌላ ሂሳብ አለ፤ ስለዚህ ስለ መክፈል ብዙ የምናገርበት አፍ የለኝም። ቢሆንም ቲኬቱ የሁለት ቀን ቢሆን ኖሮ ጎብኚው በቀትር ፀሐይ ከአንዱ ፍርስራሽ ወደ ሌላው ባልሮጠ ነበር።

ዕድል ሆኖ የደረስሁበት ማግሥት ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት፣ እነርሱ «ፖያ» የሚሉት የበዓል ቀን ነበር። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 13፣ ደብረ ታቦር መሆኑ ነው። ባሕር ዳር ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ሆያ ሆዬ በሚሉበት ዕለት እኔ ነጭ ከለበሰ ሕዝብ መካከል ቆሜ ነበር። ፖያ በየወሩ ይከበራል፤ በዕለቱ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ይዘጋል፣ መጠጥም አይሸጥም። ከአገሩ ዳርቻ በአውቶቡስ የመጣው ሕዝብ፣ አዛውንቱም ሕፃኑም፣ ሎተስ አበባ በእጁ ይዞ ወደ ቅዱሱ ዛፍ ይተማል። ዛፉ «ስሪ ማሃ ቦዲ» ይባላል። ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ ብርሃን አገኘ ከሚባልበት በሕንድ ቦድ ጋያ ከሚገኘው ዛፍ ቅርንጫፍ ተወስዶ፣ የንጉሥ አሾካ ልጅ መነኩሲት ሳንጋሚታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት እንዳመጣችው ይታመናል። ሰው እንደ ተከለው በታሪክ ከሚታወቁት ዛፎች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመውም እርሱ ነው። ወደ ቅጥሩ ለመግባት ፍተሻ አለ፤ ጫማና ባርኔጣ ይወልቃል። ዛፉ ራሱ ትልቅ አይደለም፤ ቀጫጭን ቅርንጫፎቹ በወርቅ ቀለም በተቀቡ ድጋፎች ላይ አርፈዋል፣ ዙሪያውም በወርቅማ አጥር ታጥሯል። ግንድ ለማየት የመጣ ቱሪስት ቅር ሊለው ይችላል። እኔ ግን ለአንድ ዛፍ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዘብ ሲቆም የኖረውን ሕዝብ እያየሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥሁ።

ከዛፉ በእግር ጥቂት ሲሄዱ ሩዋንዌሊሳያ ይገኛል፤ ንጉሥ ዱቱጌሙኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት ያስጀመረው ነጭ «ዳጎባ» ነው። ለአገሬ ሰው ዳጎባን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ጉልላት ይመስላል፤ ሆኖም ጉልላት የሚያርፍበት ቤት የለውም፤ ውስጡ ድፍን ነው፣ ቅዱስ ዐፅም ወይም ንዋይ በማህሉ ተቀብሮ ከላዩ በጡብ ተሞልቷል። ስለዚህ አይገባበትም፣ ይዞራል፤ በስተቀኝ እያደረጉ እንደ ዑደት። የዙሪያው ቅጥር ተርታውን በቆሙ የዝሆን ቅርጾች የተሠራ ነው፤ ሕንፃውን የተሸከሙት ዝሆኖቹ ይመስላሉ። በዕለቱ አንድ ማኅበር በጣም ረጅም ባለቀለም ጨርቅ አምጥቶ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በራሳቸው ላይ ተሸክመው ዳጎባውን በሰልፍ ይዞሩ ነበር። አንዲት አሮጊት አጠገቤ ቦታ ከፍተው የጨርቁን ጠርዝ እንድይዝ በእጃቸው ጠሩኝ። ማተቤን ከአንገቴ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፈገግ ብለውም አለፉ። በጣና ገዳማት እኔ ለሌላ እምነት ሰዎች የምመኘው አቀባበል እንዲህ ያለ ነው።

ስለ ጫማ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ባዶ እግር መግባት ስላደግንበት ቀላል ይመስለናል፤ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ግን ቄጠማና አፈር፣ ጥላም ያለበት ነው። የአኑራዳፑራው ንጣፍ በነሐሴ ቀትር ምጣድ ነው። ከዐሥር እርምጃ በኋላ መዝለል ጀመርሁ፤ ከጎኔ የነበረ አንድ የአገሩ ተማሪ እየሳቀ ወፍራም ካልሲ ያደረገውን እግሩን አሳየኝ። ካልሲ ይፈቀዳል። ይህን ማንም በቲኬት መሸጫው አልነገረኝም፤ የሚሄድ ሰው ይህችን ብቻ ከጽሑፌ ቢይዝ ይበቃዋል። ሥነ ሥርዓት አስከባሪዎቹን ግን አመሰግናለሁ። ጉልበቱን ያልሸፈነ ሰው ሲመጣ መሸፈኛ ጨርቅ ይጠቁሙታል፤ ጀርባውን ለቡድሃ ምስል ሰጥቶ ራሱን ፎቶ ያነሣ አንድ ወጣት ጎብኚን ዘበኛው ቀረብ ብሎ በዝግታ አነጋገረው፤ ወጣቱም ፎቶውን አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። በእኛ በኩል እንዲህ ባለ ጊዜ ጩኸት ይቀድማል።

ከተማው ውስጥ ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ጄታቫናራማያ ነው። ንጉሥ ማሃሴና፣ ከ273 እስከ 301 የነገሠው፣ ያስጀመረው ይህ ዳጎባ ሲጠናቀቅ 122 ሜትር ገደማ ቁመት ነበረው፤ በጥንቱ ዓለም ከግብፅ ጊዛ ሁለቱ ትልልቅ ፒራሚዶች ቀጥሎ ሦስተኛው ረጅም ሕንፃ እርሱ ነበር ይባላል። የፈጀው ጡብ 93 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ ተገምቷል። ዛሬ የቀረው 71 ሜትር ያህሉ ነው፤ እንደ ሩዋንዌሊሳያ በኖራ ስላልተለሰነ ቀይ ጡቡ ገጦ ይታያል፣ በስንጥቁም ሣር በቅሏል። እኔ ይኼኛውን መረጥሁ። ነጩ ዳጎባ የዛሬ ሰዎች ቤት ነው፤ ቀዩ ላይ ግን የሠራተኛው እጅ ይታያል።

በአባያጊሪ ገዳም በኩል የገጠመኝ ግን ሌላ ነው። በር ላይ የቀጠርሁት አስጎብኚ፣ ማንነቱን አልናገርም፣ ቁመትና ወርድ፣ የንጉሥ ስምና ዘመን እንደ ዳዊት ይወርደዋል። የቻይናው መነኩሴ ፋ ሺየን በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደዚህ መጥቶ ሁለት ዓመት እንደ ቆየ፣ በገዳሙም አምስት ሺህ መነኮሳት እንደ ነበሩ መጻፉን ነገረኝ፤ መልካም። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለውን ረጅሙን የሩዝ ገንዳ አሳየኝ፤ ቅርጹ ታንኳ ነው፣ እህል ቢወጣለት ሰው ይሳፈርበታል። «ለአምስት ሺህ ሰው ይህን ሩዝ የሚያበቅል፣ ይህንንም የሚያበስል ውኃ ከየት ይመጣ ነበር?» ብዬ ስጠይቀው ሰዓቱን አየ። ከዚያም ጉብኝቱን ሳንጨርስ ወደ አንድ የከበረ ድንጋይ መሸጫ ወሰደኝ። እኔም በዘጌ መንገድ እንግዳን ወደ ማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ጠምዝዤ አላውቅም ብዬ አልምልም፤ ነገር ግን ቢያንስ ገዳሙን አሳይቼ ከጨረስሁ በኋላ ነው። በአንዲት ትንሽ መቅደስ ደጅም የመዋጮ መዝገብ ይዞ የቆመ ሰው ከእኔ በፊት የሰጡትን አሳየኝ፤ በእያንዳንዱ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለችው ዜሮ ከቀሪው ጽሕፈት በቀለም ለየት ትል ነበር።

ሰውየውን አሰናብቼ ብቻዬን ወደ «ጨረቃ ድንጋዩ» ተመለስሁ። ይህ በደረጃ ሥር የሚነጠፍ የግማሽ ክብ ደፍ ነው። ቁጭ ብሎ ላየው ሰው ከውጭ ወደ ውስጥ ይነበባል፦ በዳር የእሳት ነበልባል፣ ቀጥሎ ዝሆን፣ ፈረስ፣ አንበሳና በሬ እየተከታተሉ የሚሮጡበት ቅስት፣ ከዚያ የተጠማዘዘ ሐረግ፣ ከዚያ አበባ በአፋቸው የያዙ የውኃ ወፎች፣ በመጨረሻም መሐሉ ላይ የሎተስ አበባ። አራቱ እንስሳት የልደት፣ የእርጅና፣ የደዌና የሞት ምሳሌ ናቸው የሚሉ አሉ። የዝሆኑ የቆዳ እጥፋት፣ የፈረሱ አንገት አጣጣል፣ ሁሉም በአንድ ጣት ውፍረት ከድንጋዩ ብቅ ብለዋል። ጥንት በእግር የሚረገጥ ነበር፤ ዛሬ ታጥሯል። በኋላ ፖሎናሩዋ ስደርስ በዚያ ከተሠሩት ጨረቃ ድንጋዮች ላይ በሬው ወጥቶ አገኘሁት፤ በሬ በሂንዱዎች ዘንድ ቅዱስ በመሆኑ፣ በዚያ ዘመን ተጽዕኖአቸው ስለ በረታ፣ እንዳይረገጥ ተብሎ ነው ይባላል።

ወደ ኩታም ፖኩና፣ ማለትም ወደ መንታዎቹ ኩሬዎች፣ ሳመራ ለጥያቄዬ መልሱን ድንጋዩ ራሱ ሰጠኝ። መነኮሳት ይታጠቡባቸው የነበሩት እነዚህ ኩሬዎች አንዱ 40 ሜትር፣ ሌላው 28 ሜትር ገደማ ርዝመት አላቸው፤ በተጠረበ ድንጋይ ደረጃ በደረጃ ተሠርተዋል። ውኃው ከመግባቱ በፊት በትንንሽ የማጥለያ ጉድጓዶች ያልፋል፤ ደለሉ እዚያ ይቀራል፣ የጠራው ደግሞ በአውሬ አፍ ቅርጽ በተጠረበ ቀዳዳ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ደለል ምን እንደሚያደርግ የጣና ሰው ያውቃል፤ ከየወንዙ አፍ የሚገባው ጭቃ፣ ከእርሱም ጋር የሚመጣው እንቦጭ፣ የዕለት ጭንቀታችን ነው። አምስት ደቂቃ ልቆይበት የሄድሁበትን ቦታ ሁለት ሰዓት ተቀምጬበት ወጣሁ።

በከተማው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ሁለት ነገሮች አቆሙኝ። አንደኛው በ1912 በቁፋሮ የተገኘ፣ በለሰለሰ ግራናይት ዓምድ ላይ የተቀረጸ መስቀል ነው። ብዙዎች ከፋርስ መጥተው በደሴቲቱ ይነግዱ ለነበሩ ክርስቲያኖች ይሰጡታል። በስድስተኛው መቶ ዓመት የጻፈው ነጋዴ ኮስማስ፣ አዱሊስን ራሱ ያየ ሰው፣ በዚህች ደሴት የፋርስ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን እንዳለ፣ ከኢትዮጵያም መርከቦች ወደ እርሷ እንደሚመጡ መዝግቧል። እንግዲህ እኔ የመጀመሪያው ሐበሻ ጎብኚ አይደለሁም ማለት ነው። ሁለተኛው አስቂኝ ነው፤ በምዕራብ በኩል ባሉት የደን ገዳማት የተገኙ፣ የቤተ መንግሥት ቅርጽ በጥንቃቄ የተቀረጸባቸው የሽንት ቤት ድንጋዮች ናቸው። ድህነትን የመረጡት መነኮሳት ለባለጸጋ ገዳማት ያላቸውን ንቀት በየቀኑ ይገልጹባቸው ነበር ተብሎ ይተረጎማል።

ፍልሰታ ስለነበር ስለ ምግቡም አንድ ቃል። ሩዝና በኮኮናት ወተት የተሠራ የምስር ወጥ፣ ከልዩ ልዩ የአትክልት ወጥ ጋር፣ በየምግብ ቤቱ አለ፤ ጾመኛ አይራብም። ነገር ግን ከተፈቀፈቀ ኮኮናት የሚሠራው ማባያ ብዙ ጊዜ የደረቀ ዓሣ ዱቄት ስለሚገባበት ዓሣ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ወደ ውኃው ልመለስ። አኑራዳፑራ ያለችው ደሴቲቱ ዝናብ በሚያጥራት ደረቅ ክፍል ነው፤ ዋናው ዝናብ በጥቂት ወራት ወርዶ ያልቃል። ነገሥታቱ ከተማ ከመቆርቆራቸው ጋር አብረው ሐይቅ ይሠሩ ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ «ዌዋ» ይባላል። ቲሳ ዌዋ ዳጎባዎቹን በሚያህል ዕድሜ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አለ። በአምስተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዳቱሴና ካላ ዌዋን ሠራ፤ ከዚያ እስከ ቲሳ ዌዋ 87 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠማዘዝ ቦይ ይወርዳል፤ በመጀመሪያው ረጅም ክፍሉ ቁልቁለቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ዐሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያለ ዘመናዊ መለኪያ ይህን እንዴት አስተካከሉት? ስለ ዳቱሴና ዜና መዋዕሉ የሚተርከው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ልጁ ካሽያፓ ዙፋኑን ከነጠቀው በኋላ ሀብትህን አሳየኝ አለው፤ አባቱም ወደ ካላ ዌዋ ወስዶት፣ ውኃውን በእፍኙ ዘግኖ፣ ያለኝ ሀብት ይኸው ነው አለ። ካሽያፓ አባቱን አስገደለ። ከዚያም ሲጊሪያ በተባለው ትልቅ ዓለት ላይ ቤተ መንግሥቱን ሠርቶ ከ477 እስከ 495 ነገሠ።

እኔን የወሰደኝ የባጃጅ ሾፌር ይህን ታሪክ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ከአስጎብኚው ይልቅ ብዙ የተማርሁት ከእርሱ ነው። አመሻሽ ላይ በቲሳ ዌዋ ግድብ ላይ ቆመን ሳለ ስልኬን አውጥቼ ጣናን አሳየሁት፤ ከደብረ ማርያም ማዶ ታንኳ ሲቀዝፍ የሚታይበት ፎቶ ነው። ረጅም ጊዜ አየውና «ትልቅ ነው፤ የትኛው ንጉሥ ሠራው?» አለኝ። ማንም አልሠራውም፣ እንዲሁ አለ ስለው አላመነኝም። በእርሱ አገር በዚያ በኩል ያሉት ታላላቅ ሐይቆች ሁሉ የተሠሩ ናቸው፤ ሠሪያቸውም በስም ይታወቃል።

ሲጊሪያን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ወደ 200 ሜትር የሚጠጋው ዓለት፣ በግድግዳው ላይ የቀሩት የሴቶች ሥዕሎች፣ ከመወጣጫው በር በግራና በቀኝ የተዘረጉት ግዙፍ የአንበሳ መዳፎች፣ ሁሉም የሚባለውን ያህል ናቸው። ነገር ግን ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል፣ በጠባቡ ደረጃ ላይም ሰልፉ የጥምቀትን ዕለት ያስታውሳል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ዓለቱን ከሩቅ አይቶ ገንዘቡን ለፖሎናሩዋ ቢያውለው አይጎዳም።

ፖሎናሩዋ በሁሉ ነገር ለጎብኚ ትቀላለች። ፍርስራሾቹ ተቀራርበው፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በብስክሌት የሚደረስባቸው ናቸው። ብስክሌቱን የተከራየሁት ካደርሁበት ቤት ነው፤ ሰንሰለቱ ሦስት ጊዜ ወለቀ፣ ሦስቱንም ጊዜ ዝንጀሮዎች ከበው ሲመለከቱኝ እጄን በቅባት አጨማለቅሁ። ከተማዋ በዐሥራ አንደኛውና በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ያበበች ናት፤ ከ1153 እስከ 1186 የነገሠው ቀዳማዊ ፓራክራማባሁ ዋና ሠሪዋ ነው። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ኒሳንካ ማላ ደግሞ ምስጋናውን ያስጻፈበት ስምንት ሜትር የሚደርስ የድንጋይ «መጽሐፍ» ትቷል፤ 25 ቶን ይመዝናል፣ ከሚሂንታሌ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጎትቶ መምጣቱ ራሱ እዚያው ላይ ተጽፏል። ራስን ማስወደስ ድካም ቢያስፈልገውም እንዲህ ድረስ ይሆናል ብዬ አልገመትሁም።

ጋል ቪሃራ ለብቻው ዓይነት ነው። ከአንድ ወጥ የግራናይት ዓለት አራት የቡድሃ ምስሎች ተፈልፍለዋል፤ የቆመው ሰባት ሜትር ገደማ፣ የተጋደመው ዐሥራ አራት ሜትር ነው። ላሊበላን ላየ ሰው ዓለት መፈልፈል አያስገርመውም፤ በላሊበላ ግን ዓለቱ ተቆፍሮ ቤት ሆነ፣ እዚህ ሰው ሆነ። የድንጋዩ የተፈጥሮ መሥመሮች፣ ጥቁርና ነጭ እየሆኑ፣ በተቀመጠው ምስል ግንባር፣ በተጋደመውም ጉንጭና ክንድ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ ያልፋሉ፤ ጠራቢው እያያቸው የመረጣቸው ይመስላል። ወደ ተጋደመው ራስጌ ቀረብ ላለ ሰው ሌላ ነገር ይታያል። ክብ ትራሱ ራሱ ካረፈበት ዘንድ ጎድጎድ ብሏል፤ ድንጋይ መሆኑ ተረስቶ በጭንቅላት ክብደት የተደፈጠጠ ለስላሳ ትራስ ይመስላል። ከግርጌ ደግሞ ሁለቱ እግሮች ፍጹም አልተገጣጠሙም፤ የላይኛው ጥቂት ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ የተኛ ሳይሆን ያረፈ መሆኑን ለመግለጽ ነው ተብሎ ይነገራል። የቆመው፣ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣመረው፣ ቡድሃ ነው ወይስ ደቀ መዝሙሩ አናንዳ በሚለው ሊቃውንት ዛሬም አልተስማሙም። ከላይ የተሠራውን ዘመናዊ የብረት ጣሪያ የሚነቅፉ አሉ፤ የገዳማቱን የሣር ክዳን በቆርቆሮ ስንለውጥ ከኖርን ከእኛ ወገን አንዱ ለመንቀፍ አፉ አይደፍርም፤ ዝናቡን ግን እንደሚከላከል አይቻለሁ።

ከተማዋን በምዕራብ የሚያዋስናት ፓራክራማ ሳሙድራ፣ የፓራክራማ ባሕር ማለት ነው፣ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚዘልቅ ግድብ የተያዘ ነው። ንጉሡ አንዲት የዝናብ ጠብታ እንኳ ሰውን ሳትጠቅም ወደ ባሕር እንዳትወርድ ማለቱ በዚያ አገር ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ይህን ቃል ግን ያገኘሁት እራት ከቀረበልኝ ቤት እመቤት ነው፤ በቀን የዞርኋቸው ሰሌዳዎች ስለ ጡብና ስለ ንጉሥ እንጂ ስለ ግድቡ አልነገሩኝም። አብዛኛው ጎብኚ ግድቡን የሚያውቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ ለማንሣት ነው። አስጎብኚዎቹ ጉብኝቱን ከግድቡ ቢጀምሩት፣ ውኃው ወደ ሩዙ፣ ሩዙ ወደ ገንዳው፣ ገንዳው ወደ መነኩሴው እንደሚሄድ አሳይተው ወደ ዳጎባው ቢያደርሱ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ቲኬት እንኳ ከተማውን ይረዳው ነበር። በጣና እኛም ቤተ ክርስቲያኑንና ሥዕሉን አሳይተን እንግዳውን እንመልሳለን፤ የዘጌን ቡና፣ ታንኳውንና ደንጌሉን ግን ፎቶ ሲያነሣ ብቻ እንጠቁመዋለን። ከተመለስሁ ወዲህ ጉብኝቱን የምጀምረው ከታንኳ ሠሪዎቹ ነው።

የሚሄድ ሰው ቢያንስ ለአኑራዳፑራ ሁለት ቀን ይያዝ፤ ቲኬቱን የሚጠይቁትን በአንዱ ቀን፣ ዛፉን፣ ሩዋንዌሊሳያንና ግድቦቹን በሌላው ቀን ያድርግ። ከማለዳ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይዙር፣ ቀትሩን ይረፍ። ነጭ ልብስና ወፍራም ካልሲ ይያዝ። አስጎብኚ ከመቅጠሩ በፊት ስለ ውኃው አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ይስማ፤ መልስ ካጣ በባጃጅ ይሂድ።

ባሕር ዳር ከገባሁ በኋላ በጀልባው ላይ አብሮኝ ለሚሠራው ሽማግሌ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየሁት። ዳጎባውን አየ፣ ዝም አለ። የተጋደመውን ምስል አየ፣ ዝም አለ። ፓራክራማ ሳሙድራ ላይ፣ በጎኑ ተንሳፋፊ ግንድ የታሰረበት ጠባብ ታንኳ የያዙት ሰዎች ጋ ስንደርስ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

«አንተ ልጅ፣ ዓሣ አለው?»

«አለው፤ ግድቡ ላይ ሲሸጡ ያየሁት ቆሮሶ ነው። ከአፍሪካ ተወስዶ የተጨመረበት ነው አሉኝ።»

«እንደዚያ በለኛ» አለና፣ ፎቶውን በጣቱ እያሰፋ መረቡን ይመረምር ጀመር።